ፕሮክሲው የውስጡን ለውጥ አያይልኝም፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ደሴ ፒያሳ ላለው የአክስቴ ሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ በጃቫስክሪፕት እየሠራሁ ነው። የዕቃው ብዛት ሲቀየር ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርም ራሱ እንዲቀየር ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ኦብጀክት (የተያያዙ መረጃዎች በአንድ የሚቀመጡበት) ሲለወጥ ያሳውቃል የተባለውን ኦብጀክት ኦብዘርቭ ሞከርኩ። ለካ ሐሳቡ በ2015 እ.ኤ.አ. ተትቷል፤ የዛሬ ብሮውዘሮች አያውቁትም። ወደ ፕሮክሲ (ኦብጀክትን ጠቅልሎ ሲነበብና ሲቀየር መሃል የሚገባ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) ዞርኩ። «ሱቅ.ስም» ስቀይር «ሴት» (set፣ ዋጋ ሲቀየር የሚሠራው የፕሮክሲው ፋንክሽን) ወዲያው ይጠራል። «ሱቅ.ስኳር.ብዛት» ከ3 ወደ 0 ሳወርድ ግን ጭጭ! ውስጡ 0 ሆኗል፣ ስክሪኑ 3 እንዳለ ነው። ትናንት አክስቴ ስክሪኑን አምና የሌለ ስኳር ለደንበኛ ቃል ገባች። በጣም ነው ያፈርኩት።

ከዚያ «ጌት» (get፣ ዋጋ ሲነበብ የሚሠራው ፋንክሽን) ውስጥ የውስጡን ኦብጀክት በፕሮክሲ እየጠቀለልኩ መመለስ ጀመርኩ። ለውጡ ተያዘ፤ ሌላ ጣጣ መጣ። ያንኑ ስኳር ሁለቴ አንብቤ በሦስት እኩል ይሆናል (===) ሳወዳድር «ፎልስ» (አንድ አይደሉም) ይለኛል። በተነበበ ቁጥር አዲስ ፕሮክሲ ስለሚፈጠር ይመስለኛል።

የተፈጠረውን ፕሮክሲ ዊክማፕ (ኦብጀክትን ቁልፍ አድርጎ የሚይዝ መዝገብ) ላይ አስቀምጬ ደግሜ ብጠቀምበት ያዋጣል? ወይስ በጌተርና ሴተር (ለእያንዳንዱ መረጃ ለብቻው በሚጻፉ የማንበቢያና የመቀየሪያ ፋንክሽኖች) ልሂድ? ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ባልጨምር ደስ ይለኛል፤ የሱቁ ኮምፒውተር አሮጌ ነው። የሠራበት ሰው ካለ አጭር ኮድ ያሳየኝ። ውለታችሁን አልረሳም።