አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛቴ በፊት ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ሙዚቃ የምሰማበት አምፕሊፋየር (ለስፒከር ኃይል የሚሰጠው ማጉያ) እና ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች አሉኝ። አምፕሊፋየሩ ለእያንዳንዱ ስፒከር 50 ዋት ይሰጣል። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ስፒከሮቹ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ ተገፍተው፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሶፋው ከፊት ለፊታቸው የኋላውን ግድግዳ ተደግፏል። ችግሩ ባሱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቤዝ ጊታሩ አንዷን ኖታ ሲመታ ቤቱን ያናውጠዋል፤ ቀጣዩዋን ሲመታ ድምፁ ይጠፋል። የዘፋኙም ድምፅ ከመሃል አይመጣም፣ ተበትኗል። 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ልገዛ ነው። ይሻላል ትላላችሁ?

ሽቦና ብየዳ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ያዝ። ከ50 ወደ 100 ዋት ስትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው። ልዩነቱ ይሰማል፣ ግን ትንሽ ነው። እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማህ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልግሃል፤ ያ ደግሞ 500 ዋት ማለት ነው። ለነገሩ አንተ ድምፁ አነሰኝ አላልክም። የተዘበራረቀ ድምፅ ላይ ዋት ብትጨምር ያው ዝብርቅርቁ ይጎላል እንጂ አይጠራም።

መጀመሪያ ሽቦህን እይ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር መግጠም አለበት፣ በሁለቱም ስፒከሮች። አንዱ ከተገለበጠ አንደኛው ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላኛው ወደ ውስጥ ይስባል። ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ዘፋኙም መሃል አይቆምም። ከተጠራጠርክ አምፕሊፋየሩን አጥፋና የአንዱን ስፒከር ብቻ ፕላስና ማይነስ ቀያይር። መልሰህ ከፍተህ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍንበትን አጫውት። ድምፁ መሃል ላይ የሚሰበሰብበት አገጣጠም ትክክለኛው ነው።

ሳሎን ስቱዲዮ፦ በሽቦው እስማማለሁ፣ ግን እኔ የምጠረጥረው አቀማመጡን ነው። ጥግ ላይ ያለ ስፒከር የሚያወጣውን ባስ ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ መልሰው ያጎሉታል። መጉረምረሙ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ስፒከሮቹን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል አውጣ፣ ከጎን ግድግዳ ደግሞ 50። ሁለቱ ርቀቶች እኩል አይሁኑ። እኩል ከሆኑ አንዱ ግድግዳ የሚያበላሸውን ኖታ ሌላኛውም ይደግመዋል። በስፒከሮቹ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ ጆሮህ ያለው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን። ፊታቸውን ትንሽ ወደ አንተ አዙር። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ ተቀምጠህ ከጆሮህ ጋር እኩል ትሁን፤ ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ከስፒከሩ ስር የሆነ ነገር አስገብተህ ፊቱን ወደ ላይ አቅናው።

አሁን ወደ ሶፋው እንምጣ። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ4 ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 43 ኸርዝ እና ወደ 86 ኸርዝ (በሰከንድ 43 እና 86 ጊዜ የሚርገበገቡ) ያሉት ወፍራም ድምፆች በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሱ ይጠራቀማሉ። ግድግዳው ጋ ሁለቱም ይጎላሉ፣ አንተ ደግሞ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተሃል። አንዷ ኖታ የምታናውጠው ለዚህ ነው። ሶፋውን 1 ሜትር ወደፊት ብታመጣው የ86ቱ ጉብታ በጣም ይወርዳል። ክፍሉ እኩሌታ ላይ ግን አትቀመጥ፤ እዚያ 43ቱ ይጠፋብሃል።

ጸጥታ ወዳድ፦ ክፍሉ ባዶ ከሆነ እሱም ይታሰብበት። መሃል ላይ ቆመህ አጨብጭብ። ከጭብጨባው በኋላ ጭር ጭር የሚል ቅሪት ከሰማህ ባዶ ግድግዳዎች እየተቀባበሉት ነው። በአንተና በስፒከሮቹ መካከል ወፍራም ምንጣፍ አንጥፍ። ከዚያ አንተ ሶፋው ላይ ተቀመጥ፣ ሌላ ሰው ደግሞ መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የሚታይህ ቦታ ድምፁ ነጥሮ ወደ አንተ የሚመጣበት ነው። እዚያ ወፍራም መጋረጃ ወይም መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ አድርግ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፍ! ለባስ ምንም አይሠራም።

ባለ ሸክላው፦ እኔ ደግሞ ጥሩ ሽቦ ይግዛ ባይ ነኝ። የኔ ማጫወቻ ድምፅ በወፍራም ሽቦ ተሻሽሏል።

ሽቦና ብየዳ፦ ጋሼ፣ የቀድሞው ሽቦ በጣም ቀጭን ከነበረ ልክ ነዎት። ግን እስከ 5 ሜትር ርቀት ድረስ ተራ የመዳብ ሽቦ፣ 1.5 ወይም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሽቦ የሚወጣው ገንዘብ ለምንጣፍ ቢውል ይሻላል።

ባለ ሸክላው፦ ይሁን፣ በምንጣፉ አልከራከርም። ልጄ፣ የሸክላ ማጫወቻ ካለህ መርፌዋን ተመልከት። ካለቀች ሸክላውን ትበላዋለች። ሸክላው ላይ የምታርፍበትንም ክብደት አምራቹ በጻፈው ልክ አስተካክል። በስልክ የምትሰማ ከሆነ የመተግበሪያውን የድምፅ ጥራት ከፍተኛው ላይ አድርገው፣ ኢኳላይዘሩንም (ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማስተካከያ) አጥፋው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽቦው ልክ ነበር። ስፒከሮቹን ከጥግ አውጥቼ ወደ እኔ አዞርኳቸው። ዘፋኙ መሃል ላይ ቆመ! ከበሮውም ተለይቶ ይሰማል። ሶፋውን ግን 1 ሜትር ማውጣት አልቻልኩም፣ መተላለፊያ ይዘጋል። ባሱ ቀንሷል፣ ነገር ግን አሁንም አንዷ ኖታ ትገፋለች።

ሳሎን ስቱዲዮ፦ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ ብታወጣው ለውጥ አለው። ስትሰማ ብቻ ወደፊት ሳበው፣ ቦታውን ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርግ። ሌላው፣ ስፒከሩ ከኋላው ወይም ከፊቱ የአየር ቀዳዳ ካለው የተጠቀለለ ካልሲ ወይም ስፖንጅ አስገባበት። ጥልቁ ባስ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ይጠራል። አንዱን ስፒከር ብቻ ደፍነህም ሞክር። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥልቅ ባስ ካነሰህ ያኔ የሚቀየረው ስፒከሩ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ይቆይ።