ለኬክ ቤት ሎጎ ወፍራምና ክብ የአማርኛ ፊደል ከየት ላግኝ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሎጎዬ በእንግሊዝኛና በአማርኛ «ኬክ ቤት» ይላል። እንግሊዝኛው ኩፐር ብላክ በሚባለው ወፍራም ፎንት ተጽፎ በጣም ወድጄዋለሁ። አማርኛውን በዚያው ፎንት ስጽፈው ግን ቀጭን ሌላ ፊደል ይመጣል። ምን ላድርግ?

ግራፊክ ዲዛይነር፦ እህቴ፣ ኩፐር ብላክ የአማርኛ ፊደል የለውም። የቺካጎው ኦስዋልድ ኩፐር የሠራውና በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣ የላቲን ፊደል ነው። ፊደሉ ሲጠፋበት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ራሱ አማርኛ ያላቸውን ኢብሪማ ወይም ኒያላ የሚባሉ ፎንቶች ይተካል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት አውርጂ፤ ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል። «ብላክ» የሚለውን ውፍረት ምረጪ። ከዚያ እንደ ኢንክስኬፕ ወይም ኢሉስትሬተር ባለ የሥዕል ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ ማዕዘኖቹን አክብቢያቸው። የኩፐር ብላክን ውፍረትና ልስላሴ ብቻ ተከተይ። በየእግሩ ጫፍ ያለውን እብጠት አማርኛው ላይ አትለጥፊ፣ ፊደሉ ባዕድ ይመስላል።

ማተሚያ ቤት የምሠራ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዋናው እሱ ነው። አማርኛ ሲወፍር ቀዳዳው ይደፈናል። «ኬ»ን ከ«ኪ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለው ትንሽ ቀለበት ነው፤ «ቤ» እና «ቢ»ም እንደዚያው። ቀለበቱ ከተደፈነ «ኬክ ቤት» የነበረው «ኪክ ቢት» ተብሎ ይነበባል! ስለዚህ ሌላውን አወፍረሽ ቀለበቱን ሰፋ አድርጊ። ቀለበቱ ከፊደሉ ትንሽ ወጣ ቢልም ችግር የለውም። እንደ «ጠ» እና «ሐ» ያሉ ባለ ሦስት እግር ፊደላት ካሉሽ ደግሞ በእግሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ጠብቂ። ከመወሰንሽ በፊት በካርቶንሽና በቢዝነስ ካርድሽ ልክ አትመሽ እይው። ስክሪን ላይ አጉልቶ ማየት ያታልላል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ሜኑውንስ በዚሁ ልጻፈው?

ግራፊክ ዲዛይነር፦ አይ፣ በፍጹም። እንዲህ ያለ ፊደል ለስም፣ ለታፔላና ለአጭር ርዕስ ነው። ሦስት ቃል ላይ ሞቅ ያለና የሚጋብዝ ነው፤ ገጽ ሙሉ ሲሆን ዓይን ያደክማል። የኬኮቹን ዝርዝርና ዋጋውን በዚያው ኖቶ በ«ሬጉላር» ጻፊው፣ ከሎጎው ጋር ይስማማል።

ታፔላ ሠሪ፦ ፊደሉን ከአክሪሊክ የምታስቆርጪ ከሆነ ክብነቱ ይጠቅምሻል። ራውተር የሚባለው ማሽን የሚቆርጥበት ምላስ (እየተሽከረከረ የሚቆርጠው ብረት) ክብ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘንን ሹል አድርጎ መቁረጥ አይችልም። ግን ቀለበቱ ከምላሱ ውፍረት ካነሰ ማሽኑ አይገባበትም። ፋይሉን ከመላክሽ በፊት የምላሱን ስፋት በሚሊሜትር ጠይቂያቸው፤ የ«ኬ»ንና የ«ቤ»ን ቀዳዳ ከዚያ በላይ አድርጊው።