ህንድ ሲኒማ ቤት መዝሙር ሲከፈት፦ እንግዳ ይቆማል ወይስ ይቀመጣል?

ጠያቂዋ፦ እናቴን ለሕክምና ሙምባይ ልወስዳት ነው። በቀጠሮዎቹ መሃል ባዶ ቀናት አሉን። እናቴ ከወጣትነቷ ጀምሮ የህንድ ፊልም ነፍሷ ነው፤ አንዴ እንኳ እዚያው አገሩ ሲኒማ ላስገባት ፈልጌያለሁ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ግን ብሔራዊ መዝሙራቸው ተከፍቶ ሰው ሁሉ ይቆማል አሉኝ። እኛ የውጭ ሰዎች ነን። መቆም አለብን?

የፑኔው ተማሪ፦ ቁሙ እንጂ! ሙምባይም ፑኔም ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ ናቸው። እዚያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲኒማ ቤት ውስጥ መዝሙር መክፈት የተለመደ ነው። ስክሪኑ ላይ ባንዲራው ይመጣል፣ ሰው ፈንዲሻውን አስቀምጦ ይነሳል። 52 ሰከንድ ገደማ ነው። ድሮ እኛም አገር ባንዲራ ሲሰቀል ወይም ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይል ነበር። የሰው አገር ስትሄጂ ይህን ያህል አይከብድም።

ዴልሂ የኖረው፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ነገሩን የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በ1962 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው የህንድና የቻይና ጦርነት በኋላ መዝሙሩ በፊልም መጨረሻ ላይ ይከፈት ነበር። ሰው እየጣለው ሲወጣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀረ። ከዚያ ኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመላ አገሪቱ ከፊልም በፊት ይከፈት፣ በአዳራሹ ያለ ሁሉ ይቁም ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት እንኳ ጎዋ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ‹‹አልተነሳህም›› ተብሎ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተመቷል። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ኬረላ ውስጥ፣ በፊልም ፌስቲቫል ላይ ያልቆሙ ተመልካቾች ተያዙ። መቆም የማይችልን ሰው የሚያስመታ ክብር ምን ዓይነት ክብር ነው? እኔ ዴልሂ እያለሁ አብረውኝ የሚማሩ ህንዳውያን በዚህ ጉዳይ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሳይቀር ይጣሉ ነበር።

የሕግ ተማሪዋ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ትእዛዝ ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። አሁን መክፈት የሲኒማ ቤቱ ምርጫ ነው፤ ከተከፈተ ግን ተመልካቹ ክብር እንዲሰጥ ይጠበቃል። አካል ጉዳተኞች አይገደዱም። መዘመርም ግዴታ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ከኬረላ የመጡ ሦስት ተማሪዎች በእምነታቸው ምክንያት ቆመው ነገር ግን ሳይዘምሩ በመቅረታቸው ከትምህርት ቤት ተባረው ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ ፈረደላቸው። ደግሞ መዝሙሩ በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ቢመጣ መነሳት አያስፈልግም፤ ይህም በ2017 እ.ኤ.አ. ግልጽ ተደርጓል።

የፑኔው ተማሪ፦ እንግዲህ ይኸው። ሕጉም ለዝቧል። ወንድሜ፣ አንተ የምታነሳው የህንዶችን የእርስ በርስ ክርክር ነው። አጠገብሽ የተቀመጠው ሰውዬ በልብሽ ያለውን አቋም ከየት ያውቃል? የሚያየው ያልተነሳች እንግዳ ብቻ ነው።

ዴልሂ የኖረው፦ ሰውዬው የሚያየውን አውቃለሁ። ግን በአዳራሹ ውስጥ በራሱ ምክንያት የተቀመጠ አንድ ህንዳዊ ቢኖርስ? የውጭ ሰው ሳይቀር ሲነሳ እሱ ብቻውን ይቀራል። ‹‹ፈረንጁም ቆሟል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?›› ይባላል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ቻንድራቹድ በ2017 እ.ኤ.አ. ራሳቸው፣ ሰው አገሩን መውደዱን ለማሳየት ሲኒማ ቤት መቆም የለበትም በሚል መንፈስ ተናግረዋል። እነሱ በችሎት ያነሱትን ጥያቄ እኛ ለምን እንዝለለው?

የፑኔው ተማሪ፦ ይህኛው ከባድ ነው፤ አልክድም። ቢሆንም የእንግዳ መቀመጥ ያንን ሰው አያድነውም። ከሱ ጋር ሌላ ተጠቂ ይጨምራል እንጂ።

ሕሙማን የሚያስታምመው፦ እኔ ህንድ ውስጥ ታካሚዎቻችንን ይዤ እዞራለሁ። እህቴ፣ እናትሽ የምትታከመው ምኑን ነው? ጉልበት ወይም ወገብ ከሆነ ክርክሩ ለሷ አይሠራም፤ ትቀመጥ። የረድፉ ጫፍ ላይ ያለ ወንበር ምረጪ። ስትገቡ ለአስተናጋጁ ንገሪው። መዝሙሩ ሲከፈት ስልክሽን እንዳታወጪ፤ መቅረጽ ከመቀመጥ በላይ ያስቆጣል። የሂንዲ ፊልም ላይ ብዙ ጊዜ የግርጌ ጽሑፍ አይኖርም፣ እናትሽ ግን ሳትለምደው አትቀርም። መሃል ላይ እረፍት አለ፤ መብራት ሲበራ አለቀ ብላችሁ እንዳትወጡ።

ጠያቂዋ፦ ጉልበቷን ነው። እንግዲያው እኔ እቆማለሁ፣ እሷ ትቀመጣለች። አጠገቧ ስለምቆም አብረን እንደሆንን ያያሉ።

ዴልሂ የኖረው፦ ጥሩ። ማንም ቀና ብሎ እናትሽን ‹‹ተነሺ›› ቢላት ግን ዝም እንዳትዪ። ጉልበቷን እንደምትታከም በግልጽ ንገሪው፤ ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። እኔም የምከራከረው እንደሷ መቆም ለማይችሉት ነው።