የአማቴ ዘር ከመጀመሪያዎቹ የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች ነው ይባላል፤ እንዴት ላረጋግጥ?

ጥያቄ፦ የናቲ እናት (ዉስተር፣ ማሳቹሴትስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የቤተሰብህን የዘር ሐረግ ሠርተህ አምጣ ተብሎ ከትምህርት ቤት ተልኳል። በእኔ በኩል አባቴን በስልክ ይዘን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርንለት፤ አንድ ምሽት በቃ። ያስቸገረኝ የአባቱ ወገን ነው። ባለቤቴ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ፈረንጅ ነው፤ ስለ ዘሩ ሲጠየቅ «እናቴን ጠይቂያት» ብሎ ይገላገላል።

አማቴ የራይስ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት፣ ተጠቅልሎ በካርቶን ቱቦ የሚቀመጥ ትልቅ ወረቀት አላቸው፤ በታይፕ የተጻፈ ነው። ከታች አባታቸው አሉ፤ ወደ ላይ ሲኬድ በ1638 ከእንግሊዝ መጥቶ እዚሁ ማሳቹሴትስ ሰድበሪ የሰፈረ ዲያቆን ኤድመንድ ራይስ የሚባል ፒዩሪታን (የዚያ ዘመን እንግሊዛዊ ፕሮቴስታንት) ይመጣል። እዚያ መቆም ሲገባው ሐረጉ አልፎ ዌልስ ነገሥታት ቤት ይገባል! አማቴ ደግሞ «በሜይፍላወር ነው የመጣው» ይላሉ።

እኔ በሰነድ ያረጋገጥኩት በ1820ዎቹ ቨርሞንት ውስጥ እስካገባ አንድ ራይስ ድረስ ብቻ ነው። የአባቱን ስም ወረቀቱ ይነግረኛል፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሐረግ ሁሉ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ነው። ወረቀቱን ምን ያህል ልመነው? የቨርሞንቱን ሰውዬ ከሰድበሪ ጋር በምን ላገናኘው? የዲኤንኤ ምርመራስ ይጠቅማል? አንዱ ልደት ደግሞ «ፌብሩዋሪ 1662/3» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለት ዓመት ተወለደ ማለት ነው?

መልስ፦ የቦስተን ልጅ

እህቴ፣ ኤድመንድ ራይስ በደንብ የተጠና ሰው ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ። በ1594 ገደማ ተወልዶ በ1618 እንግሊዝ አገር ሳፎክ ውስጥ በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ቶማሲን ፍሮስትን አገባ። ልጆቹ ስታንስቴድና በርክሃምስቴድ በሚባሉ ቦታዎች ሲጠመቁ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በ1638 ገደማ ተሻግሮ ከሰድበሪ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች አንዱ ሆነ፤ በ1656 ደግሞ ዛሬ ማርልቦሮ የሚባለው ቦታ ይሰጠን ብለው ካመለከቱት ሰዎች ጋር ነበር። ያረፈው ሜይ 3 ቀን 1663 ነው።

ሜይፍላወር ግን አይደለም። እሷ በ1620 102 መንገደኞች ይዛ ፕሊመዝ የደረሰችው መርከብ ናት፤ ዋናዎቹም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጭራሽ የተለዩ ሰዎች ነበሩ። ፒዩሪታኖቹ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከውስጥ እናጥራ የሚሉት ናቸው። እነሱ በብዛት የገቡት በ1630 ጆን ዊንትሮፕ 11 መርከብና ወደ 700 ሰው ይዞ ከመጣ ወዲህ ነው፤ እስከ 1640 ድረስ 20,000 ያህል ሰው ተሻግሯል። ኤድመንድ ከነዚህ ነው። በየትኛው መርከብ እንደመጣ የሚናገር መዝገብ አልተገኘም፤ የብዙዎቹም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመርከቡን ስም ጽፎ የሚያሳይሽ ሐረግ ካጋጠመሽ እሱን ዝጊና ሌላ ፈልጊ።

ነገሥታቱን ደግሞ ከኤድመንድ በላይ ባለው ቦታ ቁረጫቸው። የሰውየው ወላጆች ማንነት እስካሁን በሰነድ አልታወቀም። የአማትሽ ወረቀት ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ከሆነ ነገሩ አይገርምም፤ በዚያን ጊዜ ገንዘብ ያለው አሜሪካዊ ንጉሣዊ ዘር ይገዛ ነበር። ጉስታቭ አንጁ የሚባል ሰው እየፈጠረ ለሀብታሞች በመሸጥ የታወቀ ነው፤ የእሱ ሥራ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ እየተገለበጠ ይኖራል።

አሁን ወደ ቨርሞንት። ሰዉ ሁሉ ከባዱ 1630ዎቹ ይመስለዋል። ፒዩሪታኖች ግን መዝገብ ያዦች ነበሩ፤ የብዙዎቹ የማሳቹሴትስ ከተሞች እስከ 1850 ያለው ልደት፣ ጋብቻና ሞት በየከተማው መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል፣ ስሙም በፊደል ተራ ነው። ሐረግ የሚበጠሰው ከ1780 እስከ 1850 ባለው ጊዜ ነው። መሬት ጠቦ ልጆቹ ወደ ቨርሞንት፣ ኒውዮርክና ኦሃዮ ተበተኑ። የሕዝብ ቆጠራው በ1790 ቢጀመርም እስከ 1840 ድረስ ስሙ የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጅ ቁጥር ናቸው። የቤተሰቡ ሰው ሁሉ በስሙ የተጻፈው ከ1850 ጀምሮ ነው።

ስለዚህ ልደቱን ከመፈለግሽ በፊት የመሬት ውሉን ፈልጊ። ቨርሞንት ውስጥ የመሬት ሽያጭ የሚመዘገበው በካውንቲ (በአውራጃ) ሳይሆን በከተማው ጸሐፊ ዘንድ ነው። አንድ ሰው አዲስ አገር ገብቶ መጀመሪያ መሬት ሲገዛ ብዙ ጊዜ የመጣበት ቦታ ይጻፋል፦ «በሚድልሴክስ ካውንቲ የማርልቦሮ ነዋሪ የሆነው እገሌ» ተብሎ። ያቺ አንዲት መስመር ከመቶ የተገለበጠ ሐረግ ትበልጣለች። ከዚያ ወደ ማርልቦሮ ተመልሰሽ የአባትየውን የውርስ ፋይል ትከፍቻለሽ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ዉስተር ካውንቲ የተቋቋመው በ1731 ነው፤ ለምሳሌ ዛሬ ዉስተር ካውንቲ ውስጥ ያለችው የዌስትቦሮ ከተማ ከዚያ በፊት ያለው የውርስ ፋይል ሚድልሴክስ ነው የሚገኘው።

ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ የቨርሞንት የልደትና የጋብቻ ካርዶች በነፃ አሉ። ቤትሽ ሆነሽ አልከፈት ያለሽን ገጽ አጠገብሽ ያለ ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ፣ እዚያ የሚከፈት አለ። ቦስተን ኒውበሪ ጎዳና ላይ ያለው፣ በ1845 የተመሠረተው የኒው ኢንግላንድ የዘር ታሪክ ማኅበር ደግሞ በ1620 እና በ1640 መካከል የመጡትን አንድ በአንድ የሚያጠና ፕሮጀክት አለው። ስለ ኤድመንድ ሌላ ከማመንሽ በፊት የእነሱን አንብቢ።

መልስ፦ ጡረተኛው (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የናቲ እናት፣ ሁለት ዓመትስ አልተወለደም። የእንግሊዝ ሕግ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመትን የሚያስቆጥረው ማርች 25 ነበር፣ ጃንዋሪ 1 አይደለም። ስለዚህ ፌብሩዋሪ በእነሱ ገና 1662 ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር 1663። ጸሐፊው ሁለቱንም አስቀመጠልሽ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። እኛ መስከረም ላይ ዓመት የምንለውጥ ሰዎች ይህን ለመረዳት ከፈረንጁ መፍጠን አለብን።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፒዩሪታኖች የወራቱን ስም የአረማውያን አማልክት ስም ነው ብለው ብዙ ጊዜ በቁጥር ይጽፋሉ። አንደኛው ወር ማርች ነው። «3ኛ ወር» ካየሽ ሜይ እንጂ ማርች አይደለም፤ «12ኛ ወር» ፌብሩዋሪ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስንቱ ሰው ሁለት ወር ስቶ ተመዝግቧል መሰለሽ፤ ልጁ ከእናቱ ጋብቻ በፊት ተወልዶ የሚገኝበት ሐረግ ሁሉ አለ!

ሞክሼም ተጠንቀቂ። አንድ ከተማ ውስጥ ሦስት አራት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ራይሶች ይኖራሉ። መዝገቡ አንዱን ሲኒየር፣ ሌላውን ጁኒየር ሲል አባትና ልጅ ናቸው ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ በዕድሜ ትልቁንና ትንሹን መለየቱ ነው፤ አጎትና የወንድም ልጅም ሊሆኑ ይችላሉ። ትልቁ ሲሞት ጁኒየር የነበረው ሲኒየር ይሆናል።

ሴቶቹን ደግሞ በውርስ ፈልጊያቸው። እኛ ጋ ሴት ብታገባም የአባቷ ስም አብሯት ይኖራል፤ እነሱ ጋ ስታገባ ይጠፋል። አባቷ ሲናዘዝ ግን «ለልጄ ለእገሊት፣ የእገሌ ሚስት» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱንም ስም በአንድ መስመር ታገኛለሽ።

መልስ፦ ፍቅርተ

እኔ ወረቀቱ በካርቶን ቱቦ መቀመጡ ነው ያሳሰበኝ። ቀጥ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፣ ጀርባውንም ጭምር። ማን እንደሠራው ብዙ ጊዜ ከጀርባ ነው የሚጻፈው።

መልስ፦ ላብራቶሪ

ስለ ዲኤንኤ አጭሩን ልንገርሽ። በገበያ ያለው የተለመደው ምርመራ አሥራ ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ላለ ሰው ምንም አያረጋግጥም። በዚያ ርቀት ካሉ አያቶች የአብዛኞቹ ቅንጣት ወደ እኛ አልደረሰም። ቅርብ ዘመድ ለማግኘት ጥሩ ነው፣ ምናልባት የቨርሞንቱን ሰውዬ ወንድም ዘሮች ያገኝልሽ ይሆናል።

ለኤድመንድ የሚያስፈልገው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል። ባለቤትሽ ግን አይጠቅምሽም! ራይስ የሆኑት እናቱ ናቸው፣ የእሱ ዋይ የመጣው ከአባቱ ቤት ነው። አማትሽ ወንድም አላቸው? እሳቸው ወይም የእሳቸው ወንድ ልጅ ናቸው መመርመር ያለባቸው። በኤድመንድ ራይስ ስም የተቋቋመ የዘሮቹ ማኅበር አለ። ከተለያዩ ወንዶች ልጆቹ የሚወርዱ ሰዎች ተመርምረው ውጤታቸው ስለተመሳሰለ የሰውየው ዋይ ምን እንደሚመስል ታውቋል። የአጎትየው ከዚያ ጋር ከገጠመ የወረቀቱ ዋና ነገር እውነት ነው። ከየትኛው ልጁ እንደሚወርዱ ግን አይነግርሽም፤ ለዚያ መሬት ውሉ ነው ያለሽ። ካልገጠመም ደንግጠሽ አማትሽ ፊት እንዳታወሪው፤ በመሃል ጉዲፈቻ ሊኖር ይችላል፣ ወይም የቨርሞንቱ ራይስ የሌላ ራይስ ዘር ነው።

መልስ፦ ሀና (ሚኒያፖሊስ)

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጅሽ የሁለታችሁም ስለሆነ። የማሳቹሴትስ የ1641 ሕግ ባርነትን የፈቀደ ሕግ ነው። የውርስ ፋይል ስትከፍቺ የሟች ንብረት ዝርዝር አለ፤ አልጋ፣ ድስት፣ በሬ እየተባለ ዋጋው ይጻፋል። በአንዳንዱ ቤት እዚያው መስመር ላይ ሰው ከነዋጋው ይገኛል። በራይሶች ፋይል ይኖራል እያልኩሽ አይደለም፤ ካገኘሽው ግን አትዝለዪው፣ ስሙንም ቅጂው።

ሌላው፣ ሁሉም ራይስ ፒዩሪታን ሆኖ አልቀረም። በ1704 ዛሬ ዌስትቦሮ ከሆነው ቦታ አራት የራይስ ልጆች ተማርከው ካናዳ ሞንትሪያል አጠገብ ወዳለችው የሞሆክ (የአገሬው ነባር ሕዝብ) መንደር ካናዋኬ ተወስደዋል። ሁለቱ፣ ሲላስና ቲሞቲ፣ እዚያው አድገው፣ አግብተው፣ ሞሆክ ሆነው ቀሩ። ራይስ የሚል ስም እስከ ዛሬ እዚያ አለ። ናቲ ከነገሥታቱ ይልቅ ይህን የሚወደው ይመስለኛል።

የናቲ እናት፦

ተባረኩ! ጀርባውን አየን፤ «1911» የሚል ቁጥር በእርሳስ አለ፣ ሌላ የለም። የአማቴ ወንድም በሕይወት አሉ፤ ምርመራውን «ለናቲ ከሆነ እሺ» ብለዋል። አማቴ የዌልሱን ነገር ስነግራቸው ትንሽ አኮረፉ፤ የዲያቆኑን ጋብቻ መዝገብ ስነግራቸው ግን ተመለሱ። ጋሼ፣ የወራቱ ነገር አንድ ልደት አስተካክሎልኛል።

ግን የልጁ ሥራ የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ የቨርሞንት ከተማ ጸሐፊ ደግሞ በዚህ ፍጥነት አትመልስልኝም። ምን ብዬ ልሥራው?

መልስ፦ የቦስተን ልጅ

በሰነድ የያዝሽውን በደማቅ መስመር፣ ወረቀቱ ብቻ የሚለውን በነጠብጣብ መስመር ይሥለው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ከየት እንዳገኘው በትንሹ ይጻፍ፦ «የ1850 ቆጠራ»፣ «የአያቴ ወረቀት»፣ «አያቴ በስልክ»። ኤድመንድ ከላይ ይቁም፣ ከእሱ በላይ ባዶ ይሁን።

ለጸሐፊዋ ስትጽፊም ሁሉንም መዝገብ ላኪልኝ አትበያት። በዚያ ስም ከተማው ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበውን የመሬት ግዢ ብቻ ጠይቂ፤ የሻጭና የገዢ የስም ማውጫ አላቸው፣ ለእሷም ይቀላታል። የሰውየው አባት ወይም አያት ስም ከአሜሪካ አብዮት ጦርነት ወታደሮች መካከል ካለ የጡረታ ፋይሉንም እዪ። ጋብቻቸውን ለማስመስከር መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ ልደት የጻፉበትን ገጽ ቀደው ዋሽንግተን የላኩ አሉ፣ እኛ ዳዊታችን ሽፋን ላይ እንደምንጽፈው፤ ገጹ ዛሬም ፋይሉ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው

ያንቺ አባት የነገሩሽ ዓመት በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ። ናቲ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን ሲያስቀምጥ በእናቱ ወገን «ዓ.ም.»፣ በአባቱ ወገን «እ.ኤ.አ.» ይበልበት፤ አለዚያ አስተማሪዋ አያትሽን ስምንት ዓመት ታስረጅብናለች።