የዕረፍት ወንፈል፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከደጀን እስከ ቡሬ ያላችሁ ሁሉ አስተያየት ስጡበት። ረቂቁ «የጤና ባለሙያው ራሱን እንዲንከባከብ የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጥ» ይላል። መነሻዬ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫ ቃል ኪዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሻሻል ሐኪሙ የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ ቃል ያስገባል።

አዋላጅ ነርስ፦ ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ሥልጠናው አልተዋጠልኝም። አበል እንቀበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ሰኞ ያው ነን። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም ፈሷት እጃችን ላይ አረፈች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። ወዲያው ሌላዋ ምጥ ይዟት ገባች። የቀዳሁት ሻይ መስኮቱ ላይ እንደተቀመጠ ነጋ። እስከ ዛሬ «ቶሎ ብጠራ ኖሮ» እያልኩ አድራለሁ። ጓደኛዬ ብትሆን «አይዞሽ፣ የምትችይውን አድርገሻል» እላታለሁ። ለራሴ ግን ምላሴ አይታዘዝም።

ጤና መኮንን፦ አይዞሽ ሲስተር። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ በአጨዳ ጊዜ ወንፈል ይገባ ነበር፤ ዛሬ የጎረቤት ማሳ፣ ነገ የእኛ። ዱቲውንም፣ የተረኝነት ሥራችንን ማለቴ ነው፣ እንደዚያ እናድርገው። ከባድ ነገር የገጠመው ሰው ለሠላሳ ደቂቃ ከክፍሉ ይውጣ። የሚተካው ሰው ስም ከዱቲ ፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይለጠፍ። በቃል ከተባለማ ማንም አይመጣም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ጤና ጣቢያ ሌሊት ብቻውን የሚያድረውንስ ማን ይተካዋል?

ጤና መኮንን፦ እውነትህን ነው። እሱ ቢያንስ የሚደውልለት ሰው ይኑረው፤ በማግስቱም ሥራ አይመደብበት።

አንጋፋ ነርስ፦ ሐሳቡ ደግ ነው ልጆቼ። ግን እየተዛዘንን ጥፋት እንዳንሸፋፍን።

የሥነ አእምሮ ነርስ፦ እትዬ፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የእናቶች ሞት ግምገማ በራሱ ጊዜ ይካሄድ፤ እሱም መማሪያ እንጂ ወንጀለኛ መፈለጊያ አይደለም። በዚያች ሠላሳ ደቂቃ ግን ሰውየውን ከበን «ምን ተፈጠረ? ንገረን» እያልን አናፋጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ማንንም አስገድዳችሁ አታናግሩ ይላል። ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት፤ ይኸው ነው። ዝም ብሎ ቡና መጠጣት ከፈለገም ይጠጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እሺ፣ ሥልጠናውን ሰርዤዋለሁ። አዲሱ አንቀጽ፦ «ሞት ወይም ከባድ አደጋ የገጠመው ባለሙያ፣ እንደ አስፈላጊነቱ፣ ለሠላሳ ደቂቃ በተመደበ ሰው ተተክቶ ይረፍ። እንዲናገር አይገደድ።» ሲስተር፣ እንዲህ ይሁን?

አዋላጅ ነርስ፦ ጥሩ ነው ጋሼ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የምትለዋን ብቻ ያውጡልኝ። እሷ ካለች ማንም ወጥቶ አያርፍም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ወጥታለች።