ኤል ኤም ኤ ከገባ በኋላ አየር የሚሾልከው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ከጅማ)፦
ክቡራን ባልደረቦቼ፣ በሰመመን ሰጪነት መሥራት ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት 58 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ታካሚ ቁጥር 4 ኤል ኤም ኤ (በአፍ ገብቶ ጉሮሮ ላይ በመቀመጥ አየር የሚያሳልፍ፣ ዙሪያው በፊኛ የተከበበ ጭምብል) ሳስገባ ጫፉ ጉሮሮዋ ላይ ታጠፈብኝ። በሁለተኛው ሙከራ ቢገባም አየር በአፏ በኩል ይሾልክ ስለነበር ፊኛው 30 ሚሊ ሊትር አየር እስኪሞላ በሲሪንጅ ጨመርሁበት፤ ሹልክታው ግን ባሰ። የማደንዘዣው መድኃኒት ፕሮፖፎል አልቆብን ሰመመኑን የጀመርነው በሌላው ማደንዘዣ በኬታሚን ነበር። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የመድኃኒቱ?

መልስ 1፦
ከሁለቱም ይመስለኛል። ኬታሚን የጉሮሮን ምላሽ እንደ ፕሮፖፎል አያደነዝዝም፣ ምራቅም ያበዛል፤ ስለዚህ መንጋጋዋን ወደ ፊት ሲገፉ ታካሚዋ ከተንቀሳቀሰች፣ ሰመመኑ እስኪጠልቅ መታገሥ ይገባ ነበር። ስለ እጅዎ ደግሞ፣ መሣሪያውን የፈለሰፈው ብሪታኒያዊው ሐኪም አርቺ ብሬን አገባቡን ያሰበው ምላስ ምግብን ላንቃ ላይ ተጭኖ ወደ ኋላ እንደሚያንሸራትት አድርጎ ነው፤ ጉርሻን ያስቡ። ፊኛውን አሟጥጠው፣ ጀርባውን ብቻ ቅባት ቀብተው፣ በአመልካች ጣትዎ ላንቃዋን ሳይለቁ ይግፉት። ወደ ምላስ ካዘነበለ መታጠፉ አይቀርም።

መልስ 2፦
እኔ የምከራከረው ስለ 30 ሚሊ ሊትሩ ነው። ለቁጥር 4 ይህ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ መሙላት ያለብን መጠን አይደለም። ፊኛው ሲጠነክር ከጉሮሮ ቅርጽ ጋር መስማማቱን ስለሚተው ጭምብሉ ከቦታው ይነሣል፣ ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅም ታካሚዋ ጉሮሮዋን ታመመች ማለት ነው። የውስጡ ግፊት ከ60 ሴንቲ ሜትር ውኃ መብለጥ የለበትም። መለኪያ ከሌለዎት በ15 ሚሊ ሊትር ይጀምሩ፣ አየር የሚገፋውን ባግ በቀስታ እየጨመቁ ስቴቶስኮፕዎን አንገቷ ላይ አሳርፈው ያዳምጡ፤ ሹልክታ ከሰሙ አየር ከመጨመርዎ በፊት ጭምብሉ በትክክል መቀመጡን ይመርምሩ።

መልስ 3፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንገቷን ከመጀመሪያው ዳስሰዋታል? በአካባቢያችን እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ትልቅ እንቅርት የአየር ቧንቧን ወደ ጎን ሊገፋው ይችላል። ደግሞም ሦስተኛ ሙከራ ሳይሳካ ከቀረ አራተኛውን አይድፈሩ፤ በፊት ጭምብል ኦክስጅን እየሰጡ ሌላ ባለሙያ ያስጠሩ።

ጠያቂ፦
እንቅርት አልነበራትም። መንጋጋዋን ስገፋ ግን እጇን አንሥታ ነበር፤ ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።