ሶል ካምቤል በአሰልጣኝነት ዕድል ተነፍጓል ወይስ በሚገባው ተመዝኗል?

የሃይበሪ ልጅ፦
እ.ኤ.አ. በ2006 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ፣ አርሰናል በአሥር ተጫዋች እየተጫወተ፣ ከቡድን ጓደኛው ቲዬሪ ኦንሪ የተሻገረውን ቅጣት ምት በግንባሩ ገጭቶ ባርሴሎና ላይ ያስቆጠረውን ሶል ካምቤልን የዘነጋ ያለ አይመስለኝም። ለእንግሊዝ 73 ጊዜ የተሰለፈው ይህ ተከላካይ በዋና አሰልጣኝነት የታችኛው ሊግ ክለቦችን ማክልስፊልድ ታውንንና ሳውዝኤንድ ዩናይትድን ያዘ፤ የሁለቱ ቆይታ ቢደመር አንድ ዓመት ተኩል አይሞላም። ጥቁር በመሆኑ ዕድል ተነፍጎ ነው ወይስ አቅሙ ያ ስለነበረ?

ነጥብ ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ በተጫዋችነቱ የሚከራከርዎት የለም። አሰልጣኝ የሚለካው ግን በያዘው ቡድን ውጤት ነው፤ ሳውዝኤንድን በ23 ጨዋታዎች መርቶ ያሸነፈው 4ቱን ብቻ ሲሆን ክለቡም ወደ አራተኛው እርከን፣ ወደ ሊግ ቱ፣ ወርዷል። ይህን ውጤት ይዞ የመጣን ሰው የክለብ ባለቤት ቢያልፈው በደል ነው ለማለት ይከብደኛል።

የታችኛው ሊግ ወዳጅ፦
በሳውዝኤንዱ ቁጥር አልሟገትም፤ ቅር ያለኝ የማክልስፊልዱን ከጎኑ ስላላስቀመጡት ነው። ካምቤል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ማክልስፊልድን ሲረከብ ቡድኑ የሊግ ቱ ግርጌ ላይ ነበር፤ ማለትም በእንግሊዝ አራቱ ከፍተኛ ሊጎች ካሉት 92 ክለቦች 92ኛው ሆኖ፣ ከወራጅ ቀጠናው ለመውጣት አምስት ነጥብ ይጎድለው ነበር። በውድድሩ የመጨረሻ ቀን፣ ሜይ 4 ቀን 2019፣ ከካምብሪጅ ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ቡድኑን አተረፈው፤ በምትኩ የወረደው እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተው ኖትስ ካውንቲ ነው።

ይህ የሆነው ደመወዝ በጊዜው በማይከፈልበት ክለብ ውስጥ መሆኑን ደግሞ እባካችሁ አትለፉት። ቅዳሜ የሞት ሽረት ጨዋታ የሚጠብቀው ተጫዋች የቤት ኪራዩን ከየት እንደሚያመጣ እያሰላ ልምምድ ሲገባ፣ ያንን ልጅ አረጋግቶ ማሰለፍ የአሰልጣኝነት ሥራ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? ካምቤል በኦገስት 2019 በስምምነት ከለቀቀ ሦስት ወር ቆይቶ፣ ያልተከፈላቸው ተጫዋቾች አንሰለፍም በማለታቸው ክለቡ በኤፍ ኤ ካፕ ከአራቱ ሊጎች ውጪ ያለውን ኪንግስቶኒያንን የገጠመው በታዳጊዎችና በውሰት ተጫዋቾች ነበር፤ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በሴፕቴምበር 2020 ክለቡ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ወሰነ። ሳውዝኤንድም ቢሆን እርሱ ሲረከበው ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረ፣ በኋላም የዝውውር ዕገዳ የተጣለበት ክለብ ነው።

አሁን ከብሔራዊ ቡድን ጓደኛው ጋር አነጻጽሩት። ፍራንክ ላምፓርድ መጫወት ባቆመ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድም ቡድን በዋና አሰልጣኝነት ሳይመራ፣ በሁለተኛው እርከን፣ በሻምፒዮንሺፑ፣ ደርቢ ካውንቲን ተረከበ፤ በዓመቱ ቼልሲ ገባ። ካምቤል ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ጠብቆ የተሰጠው 92ኛው ክለብ ነው።

ነጥብ ቆጣሪ፦
ፖል ኢንስንስ የት አደረጉት? እርሱም ጥቁር እንግሊዛዊ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ያንኑ ማክልስፊልድን ከግርጌ ተረክቦ አትርፏል። ከዚያ ኤምኬ ዶንስን የሊግ ቱ ሻምፒዮን አደረገና በ2008 የፕሪምየር ሊጉ ብላክበርን ወሰደው። መንገዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ኢንስ በፕሪምየር ሊግ ያሰለጠነ የመጀመሪያው ጥቁር እንግሊዛዊ ባልሆነ ነበር።

የታችኛው ሊግ ወዳጅ፦
ጥሩ አነሡት፤ ኢንስ ለእኔም ምስክር ነው። ለኢንስ የማክልስፊልዱ ሥራ ዋንጫ ሊያነሳ የሚችል ቡድን አስገኘለት፤ ለካምቤል ያው ሥራ ያስገኘለት ሌላ የሚሰምጥ ክለብ ነው። ኢንስም ቢሆን ብላክበርን ያሰናበተው ስድስት ወር ሳይሞላው ነው። በአንድ ነገር ግን ልስማማ፦ ካምቤል ሥራ ሳይጀምር ስለራሱ የእግር ኳስ ዕውቀት በአደባባይ በኩራት የተናገረው አልጠቀመውም፤ ብዙዎች ሥራውን ሳያዩ ንግግሩን ይዘውበታል።

የሃይበሪ ልጅ፦
እንግዲያውስ ሳውዝኤንድን እምቢ ብሎ የተሻለ ቢጠብቅ አይሻለውም ነበር?

የታችኛው ሊግ ወዳጅ፦
አሁን ላይ ሆነን ስናየው አዎ። ነገር ግን ስድስት ዓመት የጠበቀን ሰው፣ ስልኩ ሲጠራ አታንሣ ለማለት እኔ አልደፍርም።